የአውሮፕላኑ ዋጋና የቡሎኑ ዋጋ

አውሮፕላን እንደ በሬ አይደለም። በሬ ጥርሱን አይተው፣ ዋጋውን ቆርጠው፣ ከገበያ ነድተው ቤት ካስገቡት በኋላ ከሻጩ ጋር ዳግም መገናኘት ግድ አይሆንም። ሣሩ ከገዢው መስክ፣ ውኃውም ከገዢው ወንዝ ነው። የአውሮፕላን ሣር ግን የሚበቅለው በሻጩ ግቢ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የሞተሩ ምላጭ ሁሉ ዕድሜው በሰዓትና በበረራ ብዛት ይቆጠራል። ብዙው ክፍል ልኩ ሲሞላ፣ ቢበላሽም ባይበላሽም፣ ወይ ይፈተሻል ወይ ይለወጣል። የሚለወጠውም ቁጥርና የምስክር ወረቀት ባለው ዕቃ እንጂ ከመርካቶ በተገኘ አይደለም። ስለዚህ አውሮፕላን የገዛ አገር ሻጩን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ደጅ ሊጠና ተስማምቷል ማለት ነው።

የአገራችን የአቪየሽን ታሪክ ሲነገር ስለዚህ ስለ ሣሩ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ታሪኩ የአብራሪዎች ታሪክ ነው፤ ማን መቼ በረረ፣ ማን ስንት ጣለ። ክብሩ ይገባቸዋል። እኔ ግን ናዝሬት ያደግሁ ሰው ነኝ። ከቢሾፍቱ የተነሣ ጄት በከተማችን አናት ላይ ሲያልፍ ቀና ብለን የምናየው አብራሪውን ነበር፤ ያን ጄት ሌሊቱን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ያደረው ሰው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብሁት ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ሰው፣ ስለ ሳጥኖቹና ስለ ቡሎኖቹ ነው። መድረኩም በአብዛኛው ቢሾፍቱ ነው። በኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ከተማዋን ደብረ ዘይት፣ አዳማንም ናዝሬት ማለት ስለለመዱ እኔም አንዳንድ ጊዜ ምላሴ ቢያዳልጠኝ አንባቢ ይለፈኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቢሾፍቱ በፊት ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ከጂቡቲ አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ አሳረፈ። ንጉሥ ተፈሪ መኮንን ያስገዟት ናት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። ብዙም ሳይዘገይ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አገሪቱ ከአንድ ሻጭ በላይ ይዛለች። ይህ ዘዴ ነበረው፤ አንዱ ቢያኮርፍ ሌላው አለ። ችግሩ የፈረንሳይ ዕቃ ለጀርመን ሞተር አለመሆኑ ነው። ጥቂት አውሮፕላን ያለው አገር የየዓይነቱን መለዋወጫ ለየብቻ ማከማቸት ሲኖርበት ግምጃ ቤቱ ሙሉ ሆኖ የሚፈለገው ግን አይገኝበትም።

በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር ስለ ጦር መሣሪያ ግዢ ውል ተፈራረመች። ውሉ ለማዕከላዊው መንግሥት መሣሪያ የማስገባት መብት ቢያውቅለትም፣ በሩ ያለው በጎረቤቶቹ እጅ እንደነበር አልተለወጠም። ዕቃው በጂቡቲ ወርዶ፣ በባቡር አዋሽን ተሻግሮ፣ አዳማንና ሞጆን አልፎ ካልመጣ ሌላ ሁነኛ መንገድ አልነበረም። በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲመጣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በሁለቱም ወገን ላይ መሣሪያ አንሸጥም አሉ። በወረቀት ላይ ፍርዱ እኩል ነው። አንደኛው ወገን ግን የራሱ ፋብሪካዎች ነበሩት፤ ማዕቀቡ የነካው ፋብሪካ የሌለውን ብቻ ነው። በዚያ ጦርነት ኢጣሊያ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ስታሰልፍ በኛ በኩል የነበሩት አሥራ ምናምን ያህል፣ አብዛኞቹም ያልታጠቁ፣ መልእክተኛና ቁስለኛ ማመላለሻዎች ነበሩ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ሲመራቸው የነበሩት እነዚህን ነው።

እዚህ ላይ ስለ «ፀሐይ» ሳላነሣ አላልፍም። ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ስሟም በልዕልት ፀሐይ ተሰየመ። አካሏ እዚሁ የተሠራ ነው፤ ሞተሯ ግን ከውጭ የመጣ ነበር። ወራሪው ማርኮ ወሰዳትና በሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ አሠርት ዓመታት ቆማ ኖረች። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። አንዳንዱ ሰው ይቺን አውሮፕላን «ያኔ የራሳችንን ሠርተን ነበር» ለማለት ይጠቅሳታል። እኔ ስለ እርሷ ሳስብ ሞተሩ ነው የሚታየኝ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለጌጥ እንጂ ለሞተር የተነገረ አይመስለኝም፤ የሰው ሞተር ያስነሣል፤ ጭንቁ ያለው ሲበላሽ ነው።

ከነፃነት በኋላ ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ ልደታ ሜዳ ላይ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። መንግሥቱ ግን የሚፈልገው አንድ ትልቅ ደጋፊ አገር ነበር። እንግሊዞች ወታደራዊ ጉዳዩን ይዘውታል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ከእነርሱ እጅ ለመውጣት ይፈልጉ ነበር። አሜሪካ ገና አልፈቀደችም። ምርጫው ቅኝ ግዛት በሌላት በትንሿ ስዊድን ላይ ወደቀ። የተላከውም በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ሲበር ኢትዮጵያን ያወቃት ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነው። የአየር ኃይሉ ቤት በቢሾፍቱ ተቋቋመ። ሳፊር የተባሉት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖችና ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች መጡ። ቮን ሮዘን ራሱ በ1939 ዓ.ም. አንዱን ሳፊር ከስቶክሆልም አስነሥቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ፣ ከ30 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ አረፈ። ለሻጩ ፋብሪካ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

ነገር ግን የዚያ «ስዊድናዊ» ሳፊር ሞተር የእንግሊዙ ጂፕሲ ሜጀር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የሳብ 17 ዓይነትም ሞተሩ ስዊድን ውስጥ የተሠራ የአሜሪካኑ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ነው። የአውሮፕላን ንግድ እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ገዛሁ ሲሉ ከኋላው ሦስት አገር ቆሟል። ከእንግሊዝ መራቅ የተቻለው በክንፉ እንጂ በሞተሩ አልነበረም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፋየርፍላይ የተባሉት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ራሳቸው ተገዙ፤ ከካናዳ ባሕር ኃይል የተረፉም ተጨመሩባቸው። ከነዚህ መካከል ሜዳ ላይ ቆሞ የቀረ አንዱ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ካናዳ ተመልሶ፣ ታድሶ፣ በሙዚየም ቆሟል። እኛ እንደ ውራጅ የገዛነውን እነርሱ እንደ ቅርስ ወሰዱት።

የአሜሪካ ዘመን የተከፈተው በግንቦት 1945 ዓ.ም. ነው። የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ በዚያው ጊዜ አስመራ ላይ ቃኘው የተባለው የመገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመት ለአሜሪካኖች ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቢሾፍቱ የመጡት ቲ-28፣ ቲ-33፣ በ1950ዎቹ መባቻ ኤፍ-86፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ከድምፅ የሚፈጥነው ኤፍ-5 በአብዛኛው በዕርዳታ የመጡ ናቸው። ዋጋቸው በብር አልተከፈለም፤ በአስመራ ሜዳ ነው የተከፈለው። ቃኘው እስካለ ድረስ መለዋወጫው ይመጣል፤ ቴክኒሺያኑም አሜሪካ ሄዶ ይሠለጥናል። ሕይወቱ ሁሉ በኢንች ሆነ። ከፍታው በጫማ፣ ፍጥነቱ በኖት፣ መመሪያው በእንግሊዝኛ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ አራት የኢትዮጵያ ኤፍ-86 ጄቶች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘመቱ። እዚያ አብረዋቸው ከተሰለፉት መካከል የስዊድን ሳብ ጄቶች ነበሩ። አስተማሪና ተማሪ በአንድ ሰማይ ተገናኙ፤ ተማሪው ግን በሌላ ሻጭ አውሮፕላን ነበር የመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ 1969 ዓ.ም.።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ቢሾፍቱና ድሬዳዋ የነበሩት ምርጥ ተዋጊዎች ኤፍ-5 ናቸው፤ ከእነርሱም ራዳር ያለው ኤፍ-5ኢ ገና አዲስ ነበር። ከታዘዙት ገሚሱ ገና አልደረሰም። በየካቲት የፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት ወታደራዊ ዕርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በሚያዝያ ደርግ ቃኘውንና የአሜሪካን የጦር አማካሪዎች ጽሕፈት ቤት ዘጋ። በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሞስኮ ሄዱ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በሙሉ ኃይሉ ወረረ። የሶማሊያ አየር ኃይል የያዘው ደግሞ ሶቪየት ኅብረት የሰጠችውን ሚግ-17 እና ሚግ-21 ነው። ልብ በሉ፤ አሮጌው ወዳጅ በሩን ዘግቷል፤ አዲሱ ወዳጅ ገና የጠላታችን ባለ ሱቅ ነው።

ቮን ሮዘንም የሞተው በዚያው ሐምሌ ነው። በድርቅ ለተጎዱ ሰዎች እህል ሲያመላልስ ከርሞ፣ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ተገደለ። የቢሾፍቱን የመጀመሪያ አውሮፕላኖች ያመጣው ሰው፣ የቢሾፍቱ አውሮፕላኖች በመለዋወጫ ጭንቅ ውስጥ በነበሩበት ወር ሞተ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያደርገው «አበዛኸው» ይባላል።

እነዚያ ኤፍ-5ዎች ግን በረሩ። እንደ ለገሠ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች በእነርሱ ሚጎችን ጣሉ፤ የኦጋዴን ሰማይ የበላይነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በኢትዮጵያ እጅ ገባ። ለገሠ ተመትቶ ወርዶ አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ታስሯል። ይህ ሁሉ ተጽፏል፤ ተነግሯልም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሻጭ የሌለው አውሮፕላን በየማለዳው እንዴት ተነሣ የሚለው ነው።

አዳማ ውስጥ መኪና የሚጠግኑ አንድ የቀድሞ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን አውቃለሁ፤ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም። በጋራዣቸው ግድግዳ ላይ ሁለት ረድፍ መፍቻ ተሰቅሏል፤ የላይኛው በኢንች፣ የታችኛው በሚሊ ሜትር። የነገሩኝ ነገር አጭር ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ አንዱን አርዶ ሌላውን ማብላት ነበር። የቆመው አውሮፕላን እንደ ግምጃ ቤት ይቆጠራል፤ ፓምፑ ለአንዱ፣ ጎማው ለሌላው ይሄዳል። የተነቀለው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ካልታወቀ ዕቃው ሬሳ ነውና። ሌሊት በፋኖስና በባትሪ፣ ጠዋት አብራሪው ፈርሞ ይረከባል። አብራሪው በዚያ ፊርማ ሕይወቱን የሚሰጠው ለካቻቢቴ ለያዘ ሰው ነው።

ከውጭም የረዳ ነበር። እስራኤል ለአሜሪካ ሥሪት መሣሪያዎች የሚሆን ዕቃ በድብቅ ትሸጥ ነበር። ሶሻሊስት ነኝ የሚለው ደርግ፣ ከዐረቦቹ ጋር ለወገነችው ሶማሊያ ሳይሆን ለእርሱ እንድትሸጥለት የቀይ ባሕር ጉዳይ አገናኝቷቸዋል ማለት ይቻላል። ድብቁን ያወጡት የእስራኤሉ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ናቸው፤ በጥር 1970 ዓ.ም. መጨረሻ ስዊትዘርላንድ ላይ ተናገሩት፤ ያም መንገድ ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ግን አስፈላጊነቱ ቀንሶ ነበር። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባርራለች፤ የሶቪየት ግዙፍ ማመላለሻዎችም ወደ ኢትዮጵያ መጉረፍ ጀምረዋል። አሁን ደግሞ መለዋወጫ አጥቶ መሬት ላይ የቀረው የሶማሊያ ሚግ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ተዋጊዎች ባለ ሱቅ ተለዋወጡ። እንዲህ ያለ ንግድ በዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ አልታየም።

ወደ ጋሼ ግድግዳ ልመለስ። የግማሽ ኢንች መፍቻ ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁልፍ ይገባበታል፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ግን ይሸሻል፣ የዳዶውንም ጥግ ይበላዋል። ሚግ-21 እና ሚግ-23 ቢሾፍቱ ሲገቡ ይህ ትንሽ ልዩነት የሺህ ሰዎች ዕጣ ሆነ። ከፍታው ከጫማ ወደ ሜትር፣ ፍጥነቱ ከኖት ወደ ኪሎ ሜትር፣ መመሪያው ከእንግሊዝኛ ወደ ሩስኛ ዞረ። አሜሪካ የሠለጠነው ቴክኒሺያን እንደ አዲስ ተማሪ ፊደል ቆጠረ። ያም ቢሆን ሥራውን ያዘው። በደርግ ዘመን ደጀን የተባለው የአውሮፕላን ጥገና ድርጅት በቢሾፍቱ ተቋቁሞ ከባድ ዕድሳት በአገር ውስጥ መሥራት ጀመረ። ዋጋው በዚህ ጊዜ ሜዳ አልነበረም፤ ዕዳ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ለሩሲያ ተላለፈ፤ አብዛኛው የተሰረዘው በ1990ዎቹ ውስጥ ነው።

በዚያው ዘመን ከቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቦሌ ላይ የሚሆነው ሌላ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ፣ ከጦርነት በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ በረረ። አብዮቱ ሁሉን ሲገለብጥ ይህን አልገለበጠውም። የሌኒን ሐውልት በቆመባት ከተማ አየር መንገዱ ቦይንግ መግዛቱን ቀጠለ። በ1976 ዓ.ም. የመጣው 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ ከ13 ሰዓት በላይ በርሮ፣ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ወታደሩ በሚሊ ሜትር፣ ሲቪሉ በኢንች። አንድ መንግሥት ሁለት መፍቻ ይዞ መኖር ችሏል። ይህ ከርዕዮተ ዓለም ይልቅ የሒሳብ ሥራ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያኔ አየር መንገዱ መካኒኮቹን፣ ዕቃ ቤቱንና ስሙን ጥሎ በአዲስ ዓይነት አውሮፕላን ይጀምር ቢባል ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ድርጅት ባልኖረም ነበር።

የሁለት ሻጭ ጥበብ በ1990ዎቹ መባቻ ምን እንደሆነ ግን ማየት ያሳዝናል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ሱ-27 ተዋጊዎች ከሩሲያ ቢሾፍቱ ገቡ። አስመራም ሚግ-29 ገዝታ ነበር፤ ከዚያው ከሩሲያ። በየካቲት ወር በሰማይ ተገናኙ። ትናንት በአንድ ሃንጋር በአንድ መመሪያ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ በሁለቱም ወገን። በግንቦት 1992 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት በሁለቱም ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ፤ ለአንድ ዓመት ቆየ። ማዕቀቡ እንደ 1928ቱ «እኩል» ነበር፤ ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ፋብሪካ አልነበራቸውም።

የቢሾፍቱ ስም በዓለም ጋዜጣ ሁሉ የወጣው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃው ገና አራት ወር የሠራ 737 ማክስ አውሮፕላን በከተማዋ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለካ አንድ ዕቃ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በዚያ በአንድ ዕቃ ተመርቶ አውሮፕላኑን ደጋግሞ ወደ ታች እንደገፋው ታወቀ። መቅረጫ ሣጥኑን ለማንበብ ፓሪስ መላክ ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሹክሹክታ ጣቱን ወደ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሲቀስር የነበረውን ሳስታውስ አሁንም ያናድደኛል፤ ፋብሪካው ራሱ በኋላ በፍርድ ቤት ኃላፊነቱን ተቀብሏል።

በዚህ ንዴት ላይ እያለሁ ነው አየር መንገዱ በጥር 2014 ዓ.ም. ያንኑ ማክስ ወደ ሥራ የመለሰው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዱባይ ላይ ደግሞ ሌላ 20 ማክስና 11 ድሪምላይነር አዘዘ፤ በዚያው ትርኢት ከኤርባስም 11 ኤ350 ጨመረ። ጋሼን ስለዚህ ጠየቅኋቸው። አልገረማቸውም። ሥሪቱ ተስተካክሎ ከተፈተሸ በኋላ፣ መካኒኩ በእርሱ ሠልጥኖ፣ ዕቃ ቤቱ በእርሱ ተሞልቶ፣ መሥመሩ በእርሱ ተተክሎ ሳለ በቁጣ ሻጭ መቀየር የሚችለው ባለ ጸጋ ብቻ ነው ብለው መልሰው ወደ ሞተራቸው ጎነበሱ። ቦሌ ያለው የጥገና ማዕከል ዛሬ የሌሎች የአፍሪካ አገሮችን አውሮፕላኖች ይጠግናል፤ ለቦይንግም የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅሎች ያመርታል። ሽቦ ነው፤ ሞተር አይደለም። ቁጥርና የምስክር ወረቀት ተለጥፎበት በሳጥን የሚሄደው ግን በዚህኛው ጊዜ ከኛ ወደ እነርሱ ነው።